ፍላሼ ሾርትከት ብቻ ሆነ! ነገ ጠዋት ስለ ማትሱሺጌ አቀርባለሁ

ጭንቅ_ውስጥ_ነኝ፦ ድረሱልኝ! ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀት አሳትሜ ስመለስ ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል፤ ስጫናቸው አይከፈቱም። ነገ 2 ሰዓት ላይ ስለ ዮሺቶ ማትሱሺጌ አቀርባለሁ፤ ሂሮሺማ ቦምብ የወደቀባት ዕለት እዚያው ሆኖ 5 ፎቶ ያነሳው ጃፓናዊ ማለት ነው። ሌላ ኮፒ የለኝም። ሽፋን ያደረግኩት ሩዝ የያዘው ልጅ ፎቶም እዚያው ውስጥ ነው።

ቶሎ_ፍታ፦ ፎርማት አድርጊው፣ ይለቃል።

የገመድ_ሰው፦ ኧረ እንዳትሰሚው! ቫይረሱ ፋይሎቹን ደበቃቸው እንጂ አላጠፋቸውም። ሾርትከቱን ደግመሽ አትንኪ። «ቪው» ውስጥ «ሂደን አይተምስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። ደብዘዝ ያለ ፎልደር ይመጣል፤ ፓወርፖይንቱንና ፎቶዎቹን ብቻ ወደ ኮምፒውተር ገልብጪ። ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ኔጋቲቭ፦ ልጄ፣ ባክአፕ አለመያዝ የዘመኑ በሽታ ነው። ማትሱሺጌ ጨለማ ክፍል አጥቶ ፊልሙን ማታ ሜዳ ላይ አጥቦ በወንዝ ውሃ ነው ያለቀለቀው። ደግሞ «5 አነሳ» ብለሽ አትለፊው። 24 የሚያነሳ ፊልም ይዞ 7 ጊዜ ብቻ ተጫነ፣ 5ቱ ወጡለት። ቦምቡ የወደቀው 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ እሱ ሚዩኪ ድልድይ ላይ የመጀመሪያውን ያነሳው ከ5 ሰዓት በኋላ። ቆዳቸው የተላጠ ተማሪዎች ፊት ቆሞ 20 ደቂቃ ያህል እጁ አልታዘዝ አለው፤ ሁለተኛውን ሲያነሳ መመልከቻው በእንባው ደብዝዞ ነበር። አስከሬን የሞላበትን ትራም ግን ጭራሽ አላነሳውም። የቹጎኩ ሺምቡን ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ነበር እኮ፣ ሥራው ነው!

ጭንቅ_ውስጥ_ነኝ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ፍላሹ?

ቶሎ_ፍታ፦ ፎርማት ብያለሁ።

ሦስት_እግር፦ ፍላሹን ተዪው፣ ሽፋንሽ ራሱ ስህተት ነው። ሩዝ የያዘውን ልጅ ያነሳው ዮሱኬ ያማሃታ ነው፤ ቦታው ናጋሳኪ፣ ቀኑ እ.ኤ.አ. ኦገስት 10፣ 1945፣ ማለትም ቦምቡ በወደቀ ማግስት። ያማሃታ በጦሩ ተልኮ የሄደ ነው፣ ማትሱሺጌ ደግሞ የከተማው ነዋሪ። መምህሩ ካወቀ አለቀልሽ።

ማኪያቶ፦ ካላወቀ ደግሞ ኤ ናት 😂

የገመድ_ሰው፦ እንግዲያው የድልድዩን ፎቶ ሽፋን አድርጊ። ግንባሩ በፋሻ የታሰረውን ፖሊስም አትርሺ፣ ከአምስቱ አንዱ ነው።

ኔጋቲቭ፦ አሜሪካኖች ጃፓንን ይዘው ሳለ ሳንሱር እንደነበረም ጨምሪ። ላይፍ መጽሔት ፎቶዎቹን ያወጣቸው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፣ የአሜሪካኖቹ ይዞታ ካበቃ በኋላ።

ጭንቅ_ውስጥ_ነኝ፦ «ቪው» የሚባለው የለም!!

የገመድ_ሰው፦ ዊንዶውስ 7 ነው? እንደዚያ ከሆነ «ኦርጋናይዝ»፣ ቀጥሎ «ፎልደር ኤንድ ሰርች ኦፕሽንስ»፣ እዚያ ውስጥ «ቪው» አለ። ካልታየሽ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም ምልክት አንሺ።

የገመድ_ሰው፦ እህት፣ መጣልሽ?

ቶሎ_ፍታ፦ ፎርማት አድርጋው ይሆናል።