መብራት ሳበራ የሙቀትና የነዳጅ ጌጅ አብረው ይወጣሉ፤ ምን ይሻላል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ የሳቢያን ኮሮላ

ሰላም የድሬ ልጆች። አንድ ነገር ግራ አጋብቶኛል፤ እስቲ አግዙኝ። አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ፣ ባለ ካርቡራተር። ከድሬ ሐረማያ ለሥራ እመላለስባታለሁ። ቀን ቀን ምንም የለባትም። ችግሩ ማታ ነው። የፊት መብራት ሳበራ የሙቀቱ ቀስት ከመሃል ተነስቶ ወደ ቀዩ ይጠጋል። የነዳጁም አብሮት ይወጣል፤ ግማሽ የነበረው ሦስት አራተኛ ይላል። መብራቱን ሳጠፋ ሁለቱም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ፍሬቻ ስሰጥ ደግሞ ቀስቶቹ ከፍሬቻው ጋር ጠቅ ጠቅ ይላሉ።

ማታ የደንገጎን ዳገት ስወጣ ልቤ ይንጠለጠላል። ዳር ይዤ ኮፈኑን ከፍቼ አይቻለሁ። ውሃው ሙሉ ነው፣ ፋኑ ይዞራል፣ የሚፈላ ነገር የለም። አንድ ጋራዥ ባሳየው "ዳሽቦርዱ ሞቷል፣ ሙሉውን ቀይር" አሉኝ። የጠሩት ዋጋ ደግሞ የሚቀመስ አይደለም። ከመክፈሌ በፊት የምታውቁትን ንገሩኝ።

መልስ፦ የኤፍኤስአር ሾፌር

አቦ መጀመሪያ ውሃህን እርግጠኛ ሁን። ድሬ ከባሕር ወለል ወደ 1,200 ሜትር ነው፤ ሐረማያ ወደ 2,000 ሜትር። ያቺን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ስትወጣ ሞተር በእውነትም ይሞቃል። እዚያ ላይ ክፍት ውሃ በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ጌጁ ገና ቀዩን ሳይነካ ውሃው ሊፈላብህ ይችላል። ክዳኑንና ቴርሞስታቱን (የውሃውን መተላለፊያ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን) አሳይ። ሞተሩ ትኩስ እያለ ግን ክዳኑን እንዳትነካው፤ ፊትህን ይልጥሃል።

መልስ፦ የቀፊራ ኤሌትሪክ

ወንድሜ ከላይ የተናገረው ለደህንነት ጥሩ ነው፤ ግን ይህ የቴርሞስታት በሽታ አይደለም። ምልክቱን ልብ በሉት። ሞተር ሲሞቅ ቀስ ብሎ ነው፣ ሲበርድም ቀስ ብሎ። መብራት ሲበራ የሚሞቅ፣ ሲጠፋ የሚበርድ ሞተር የለም።

ሌላም ነገር አለ። የሙቀቱ ሴንሰር ሞተሩ ላይ ነው ያለው። የነዳጁ ተንሳፋፊ ኋላ ታንከሩ ውስጥ ነው። ሁለቱ በየራሳቸው ሽቦ ነው የሚመጡት። በአንድ ማታ፣ በአንድ መብራት ማብሪያ፣ ሁለቱ አብረው ሊታመሙ አይችሉም። የሚገናኙት ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው። እዚያ የጋራ ያላቸው ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከፊውዝ የሚመጣው ፖዘቲቭና ወደ ቦዲ የሚመለሰው ማሳ፣ ማለትም ኔጋቲቩ።

እኔ ማሳውን ነው የምጠረጥረው። ምክንያቱ ይሄ ነው። የጌጆቹ ማሳ የዳሽቦርድ አምፖሎችም ማሳ ነው። ቀን ላይ አምፖሎቹ ስለማይበሩ በሽቦው የሚያልፈው ኃይል ትንሽ ነው፤ ዝገት ቢኖርም አይታወቅም። መብራት ስታበራ አምፖሎቹ ተደምረው አንድ ተኩል አምፒር አካባቢ ይስባሉ። የማሳው መገጣጠሚያ ዝጎ በኃይሉ መንገድ ላይ የአንድ ኦም እንቅፋት ብቻ ቢጨምር፣ በዚያች መገጣጠሚያ ላይ አንድ ተኩል ቮልት ይጠፋል ማለት ነው። ጌጁ የሚለካው ከዚያ ከተበላሸ ማሳ ተነስቶ ስለሆነ ይሳሳታል። በአሮጌ መኪኖች ላይ ለጌጆቹ ቮልት የምታስተካክል ትንሽ ዕቃ አለች፤ እሷም ማሳዋ ሲላላ ቮልቱን ከልክ በላይ ትለቃለች። በዚህም ሆነ በዚያ ሁለቱም ቀስት ሽቅብ ነው የሚሄደው። ፍሬቻው ላይ መዝለላቸውም ለዚሁ ነው፤ የፍሬቻው ጠቋሚ አምፖልም ማሳው እዚያው ነው።

አንድ ነገር አይተህ ንገረኝ። ማታ መብራት አብርተህ፣ ፍሬቻ ሳትሰጥ፣ የፍሬቻ ጠቋሚዎቹ አረንጓዴ መብራቶች ደብዘዝ ብለው ይታያሉ?

የሳቢያን ኮሮላ

ጋሼ እንዴት አወቁት! አዎ፣ ሁለቱም ደብዘዝ ብለው ይበራሉ። የዳሽቦርዱ መብራት ራሱም ፈዛዛ ነው፤ አምፖሎቹ ያረጁ መስሎኝ ነበር። ቀላል ቴስተር ቤት አለኝ። እንዴት ልለካው?

መልስ፦ የቀፊራ ኤሌትሪክ

በቃ፣ ማሳ ነው። መመለሻ ያጣ ኃይል በፍሬቻው አምፖል በኩል ዞሮ በውጭ አምፖሎች ወደ ቦዲ እየወረደ ነው።

ዳሽቦርዱን የያዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፍታና ወደ ፊት ሳበው፤ ሶኬቶቹን አትንቀል። ቶዮታ ላይ የማሳ ሽቦ ብዙ ጊዜ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር አለው። ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርግ። ጥቁሩን ጫፍ በረጅም ሽቦ ቀጥልና ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አሳርፈው። ማሰሪያው ላይ ሳይሆን የባትሪው ጉጥ ራሱ ላይ። ቀዩን ጫፍ ከሶኬቱ ጀርባ በኩል ያንን ነጭና ጥቁር ሽቦ አስነካው። ቁልፍ ክፈት፣ መብራት አብራ፣ አንብብ። ከ0.1 ቮልት በታች ከሆነ ማሳው ጤነኛ ነው። ከ0.3 ካለፈ ሌላ ቦታ አትፈልግ።

በኦም ለክተህ "ደህና ነው" እንዳትል። ቴስተር በኦም ሲለካ የሚልከው ኃይል ኢምንት ነው። አሥር ቀጭን ክሮች ካሉት ሽቦ አንድ ክር ብቻ ቢቀር እንኳ ደህና ይልሃል። ጭነት ላይ ሆኖ ሲለካ ነው እውነቱ የሚወጣው።

መልስ፦ የሐረር አሠልጣኝ

እኔ ሐረር አውቶ ኤሌትሪክ አሠለጥናለሁ። ጋሼ ባሉት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም ይጠቅማል ብዬ አንድ ጌጅ ብቻ የሚሳሳትበትን ሁኔታ ልጨምር፤ እሱ አፈላለጉ ይለያል።

የሙቀቱ ብቻ ከሆነ የሴንሰሩን ሽቦ ንቀሉ። ቀስቱ ወደ ቀዝቃዛ መውረድ አለበት። ከዚያ የሽቦውን ጫፍ በ3.4 ዋት አምፖል በኩል ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ። ቀስቱ ወደ ትኩስ ከወጣ ጌጁና ሽቦው ደህና ናቸው፣ የሞተው ሴንሰሩ ነው። አምፖሏ ያለ ምክንያት አልገባችም። ሽቦውን በቀጥታ ብረት ላይ ብትይዙት ጌጁ ውስጥ ያለውን ቀጭን ጥቅል ልታቃጥሉት ትችላላችሁ።

ነዳጁ ብቻ ከሆነ ታንከሩ ጋ ያለውን ሶኬት ነቅላችሁ ወደ ታንከሩ በኩል በኦም ለኩ። ብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ታንከሩ ሙሉ ሲሆን ወደ 3 ኦም፣ ባዶ ሲሆን ወደ 110 ኦም ነው። ተንሳፋፊውን ስታንቀሳቅሱ ቁጥሩ ሳይቆራረጥ መሄድ አለበት። የነዳጅ ትነት ባለበት ቦታ ብልጭታ የሚፈጥር ነገር ፈጽሞ አትሞክሩ፤ ባትሪውን ንቀሉና ሥሩ።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ለአሮጌ መኪና ነው። አዳዲሶቹ ላይ ጌጁን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው፤ ሽቦ ነቅሎ ብረት ላይ መያዝ ኮምፒውተሩን ሊገድለው ይችላል። ቢጫ ሶኬት ካያችሁም እጃችሁን ሰብስቡ፤ የኤርባግ ነው።

የሳቢያን ኮሮላ

ለካሁት። መብራት ጠፍቶ 0.2፣ መብራት በርቶ 1.6 ቮልት። ፍሬቻ ስሰጥ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ጋሼ ባሉት ሐሳብ ተነስቼ ከባትሪው ኔጋቲቭ አንድ ረጅም ሽቦ ስቤ እዚያው ነጭና ጥቁር ሽቦ ላይ ነካሁት። ሁለቱም ቀስቶች እያየኋቸው ወረዱ። የዳሽቦርዱ መብራትም ቦግ አለ!

ሽቦውን ተከትዬ ወረድኩ። በሾፌሩ በኩል፣ ከፍሪሲዮን መርገጫው በስተግራ፣ ከፕላስቲክ ክዳኑ ጀርባ በአንዲት ብሎን ቦዲው ላይ ታስሯል። ብሎኗን ስፈታት የሽቦው ቀለበት ሥር አረንጓዴ ዱቄት ወጣ። ከዱቄቱ ሥር ደግሞ ቀለም አለ። መኪናዋ ላሜራ ተሠርታ ቀለም ስትቀባ ቀቢው ብሎኗ የምታርፍበትን ቦታም ሸፍኖታል፤ ብሎኗን ከነቀለሙ አሰሯት። ምንጣፉም እርጥብ ነው። ከመስታወቱ ጎማ በኩል ውሃ ይገባል መሰለኝ።

ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፍቄ፣ አዲስ ቀለበት አድርጌ፣ አሥር ቁጥር ቁልፍ ይዤ አጠበቅኩት። ላዩ ላይ ግራሶ ቀባሁ። አሁን መብራት በርቶ 0.04 ነው። ማታ ደንገጎን ወጥቼ የሙቀቱ ቀስት ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

መልስ፦ የቀፊራ ኤሌትሪክ

ጎበዝ። ግራሶው ከታሰረ በኋላ ከላይ መሆኑም ልክ ነው። ውሃው የሚገባበትን ጎማ ካላስደፈንክ ግን ቀለበቱ መልሶ ይዝጋል። ምንጣፉን አንሥተህ ፀሐይ አስመታው። ድሬ ፀሐይ አይጠፋ።

ጥያቄ፦ ፔጆ ሸዋ በር

እዚሁ ላይ ልጠይቅ። ሐረር ፔጆ 404 ታክሲ ነው የምሠራው። ሞተሩ ሲሞቅና እግሬን ከነዳጅ መርገጫው ሳነሣ ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። ነዳጅ ስሰጥ ትጠፋለች። የኔም ማሳ ይሆን? ጓደኞቼ "ሴንሰሩን ንቀለው፣ ይረፍ" ይሉኛል።

መልስ፦ የሐረር አሠልጣኝ

ወንድሜ፣ እሱን እንዳታደርግ። የዘይት መብራት ከሌሎቹ ትለያለች። ሴንሰሩ ተራ ማብሪያ ነው። የዘይት ግፊት ሲወርድ ሽቦውን ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኛል፣ መብራቷ ትበራለች። ግፊት ሲኖር ይላቀቃል። ስለዚህ ማሳ ቢበላሽ መብራቷ መብራት ያቅታታል እንጂ ብልጭ አትልም። ያለ ግፊት ችግር ልትበራ የምትችለው ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት ከነካ ወይም ሴንሰሩ ራሱ ከተበላሸ ነው።

አንተ የነገርከን ሲሞቅ የሚመጣ፣ ሞተር ሲፈጥን የሚጠፋ ነው። ይህ የእውነተኛ ግፊት መውረድ ጠባይ ነው። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ብሮንዚኖቹ (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርባቸው ሽፋኖች) ከተበሉ ወይም የዘይት ፖምፓው ከደከመ ቀስ ብሎ በሚዞር ሞተር ግፊት አይያዝም። ዛሬውኑ የዘይቱን መጠን ለካ። ከዚያ ሴንሰሩን ፈትተው በቦታው የግፊት መለኪያ የሚያስሩልህ ሰው ጋ ሂድ፤ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ይለካ። ያ እስኪሆን ተሳፋሪ አትጫን። የሴንሰር ዋጋ ከክራንክ ሻፍት ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ጥያቄ፦ ሃይሉክስ ናፍጣ

የኔ የባትሪና የእጅ ፍሬን መብራት አንድ ላይ እየበሩ ነው፤ እጅ ፍሬኑ ወርዷል፣ የፍሬን ዘይቱም ሙሉ ነው። አሮጌ ሃይሉክስ ነው። ነገ ጠዋት ከአወዳይ ወደ ድሬ ጭነት ይዤ እወርዳለሁ።

መልስ፦ የኤፍኤስአር ሾፌር

አቦ እንዳትወርድ! መጀመሪያ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጊያ እይ።

መልስ፦ የቀፊራ ኤሌትሪክ

ልክ ነው። ብዙ አሮጌ የጃፓን መኪኖች ላይ ዲናሞው ባትሪ መሙላት ሲያቆም የፍሬን መብራትም አብሮ ይበራል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ለካ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መሆን አለበት። 12 አካባቢ ካሳየህ ዲናሞው አይሞላም።

ያንተን ግን አጥብቄ የምነግርህ ለሌላ ምክንያት ነው። በአሮጌዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ የፍሬኑን አየር የሚስበው ፖምፓ ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው የተገጠመው። ቺንጊያው ከላላ ወይም ከተበጠሰ ሞተሩ እየሠራም ፍሬንህ ይደነድናል። ያንን ጭነት ይዘህ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ማለት ነው። ሞተሩን አስነሥተህ ትንሽ ቆይ፤ ከዚያ አጥፋውና ፍሬኑን ደጋግመህ ርገጥ። ከመጀመሪያዋ ርግጫ ጀምሮ ድንጋይ ከሆነብህ አየር አልሳበም።

ሃይሉክስ ናፍጣ

ሄጄ አየሁት። ቺንጊያው ተሰነጣጥቆ ዘይት ጠጥቷል፤ በጣቴ ስጫነው ዘጭ ይላል። ፍሬኑም በሁለተኛዋ ርግጫ ደነደነ። ጭነቱን ለሌላ መኪና ሰጥቻለሁ። ነገ መለዋወጫ ሱቅ ሲከፈት ቺንጊያ እቀይራለሁ፤ ዘይቱ ከየት እንደሚመጣም አብሬ አሳያለሁ።

መልስ፦ የቀፊራ ኤሌትሪክ

ዘይቱን ዲናሞው ጀርባ ጀምረህ ፈልገው። ያ ፖምፓ በሞተር ዘይት ነው የሚለሰልሰው፤ ጎማው ካረጀ ወደ ዲናሞው ያስገባል። አዲስ ቺንጊያ አስረህ ቮልቱ ካልወጣ ዲናሞውን አውርደህ አምጣው፤ ካርቦኑንና ውስጡን አብረን እናያለን።