«ነበልባል» የሚባለው ዛፍ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ማዳጋስካር ደኖች የተጻፈ ጽሑፍ እየተረጎምኩ «ፍላምቦያንት» የሚል የዛፍ ስም ገጠመኝ። ቃሉ በፈረንሳይኛ «የሚንበለበል» ማለት ነው። «የጫካ ነበልባል» ብለው ያስኬዳል? አበባው ደማቅ ቀይ፣ ቅጠሉ እንደ ላባ፣ ፍሬው ጠፍጣፋና ረጅም ነው ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ የቃሉን ፍቺ በትክክል አግኝተሻል። ዛፉ ግን ሌላ ነው። «የጫካ ነበልባል» የሚባለው ስፓቶዲያ ነው። ያንቺው የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው፣ በሳይንስ ስሙ ዴሎኒክስ ሬጂያ ነው።

ቀለሙን ተዪው፤ ሁለቱም ቀይ ናቸው። ቅጠሉን እዪ። ስፓቶዲያ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ሰፋ ሰፋ ያሉ ቅጠሎች ይደረድራል። የዴሎኒክስ ዘንግ ግን መጀመሪያ ቀጫጭን ዘንጎች ያወጣል፤ ጥቃቅኖቹ ቅጠሎች የሚደረደሩት እነሱ ላይ ነው። ጽሑፉ «እንደ ላባ» ያለው ይህንን ነው።

አበባው ደግሞ ይበልጥ ይለያቸዋል። የስፓቶዲያ አበባ አንድ ወጥ ደወል ነው፤ ካምፓኑላታ የሚለው ስሙም በላቲን «ደወል መሰል» ማለት ነው። የዴሎኒክስን አበባ አንሥተሽ ብታዪው አምስት የተለያዩ ቅጠሎች አሉት። አራቱ ቀይ ሆነው ይዘረጋሉ። አምስተኛው ቀና ብሎ ይቆማል፤ ነጣ ወይም ቢጫ ባለ መደብ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለበት። አምስቱም ወደ ታች እየጠበቡ ሄደው እንደ ቀጭን እግር ይሆናሉ። የዕፅዋት አጥኚዎች ይህን እግር «ጥፍር» ይሉታል። የስሙ ምስጢርም እዚሁ ላይ ነው፦ በግሪክኛ ዴሎስ «ግልጽ»፣ ኦኒክስ «ጥፍር»። ጥፍሩ የሚታይ እንደ ማለት። ስሙን ያወጣው ሰው በቀለሙ ሳይወሰድ የአበባውን ሥር ማየቱ በጣም ደስ ይለኛል። ሬጂያ «ንጉሣዊ» ነው።

ፍሬውም ይመሰክራል። ዴሎኒክስ ከባቄላ ወገን ስለሆነ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ እንደ እንጨት የጠነከረ ፍሬ ይይዛል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ገባኝ። ግን የማዳጋስካር ጫካ ውስጥ «የድሬዳዋ ዛፍ» ስል አንባቢው ግር አይለውም?

መልስ፦ ይለዋል፣ እውነትሽን ነው። ዛፉ ትውልዱ ማዳጋስካር ነው፤ የአማርኛው ስም ግን አንባቢውን ወደ ሌላ አገር ይወስደዋል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ላይ «ፍላምቦያንት፣ በእኛ አገር የድሬዳዋ ዛፍ የሚባለው» እልና ከዚያ በኋላ «ፍላምቦያንት» እያልኩ እቀጥላለሁ። «ነበልባል»ን ግን ለስፓቶዲያ ተዪለት።