የካርቦን 12 ሆይል እርከን፦ በኤሌክትሮን ብተና ስሌት ላይ እገዛ እጠይቃለሁ

የተከበራችሁ የዘርፉ ባለሙያዎች፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን እያዘጋጀሁ ሲሆን፣ ርዕሴ የካርቦን 12 ኒውክሊየስ በ7.65 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ያለው፣ ሆይል በመባል የሚታወቀው የተነቃቃ እርከን ነው። የዚህ እርከንም ሆነ የዝቅተኛው እርከን ስፒን ዜሮ ስለሆነ አንድ ፎቶን በመልቀቅ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር አይቻልም፤ በኤሌክትሮን ብተና፣ ማለትም ኤሌክትሮኖችን ወደ ኒውክሊየሱ ተኩሶ አበታተናቸውን በመመልከት፣ ግን ሽግግሩ በግልጽ ይለካል። የቅንጣት ማፋጠኛ በአካባቢያችን ስለሌለ የምሠራው በውጭ አገር ታትመው በወጡ ልኬቶች ነው።

ኤሌክትሮኑን በኒውክሊየሱ መስክ እንዳልተዛባ ሞገድ በሚቆጥረው በጠለላዊ ሞገድ የቦርን ግምት መሠረት፣ የሞመንተም ሽግግሩ (ኤሌክትሮኑ ለኒውክሊየሱ የሚያስተላልፈው ሞመንተም) አነስተኛ ሲሆን ፎርም ፋክተሩ (ብተናው በኒውክሊየሱ ውስጣዊ አወቃቀር ላይ ያለውን ጥገኝነት የሚገልጸው መጠን) ከሞመንተም ሽግግሩ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ፎርም ፋክተሩን ለካሬው አካፍዬና ወደ ዜሮ አስጠግቼ የሞኖፖሉን (የዚህን ከዜሮ ስፒን ወደ ዜሮ ስፒን የሚደረግ ሽግግር) ማትሪክስ ኤለመንት፣ ማለትም የሽግግሩን ጥንካሬ የሚገልጸውን መጠን፣ ለማግኘት ሞከርኩ፤ ሆኖም በተለያየ የጨረር ጉልበት የተለኩት ነጥቦች በአንድ መስመር ላይ አያርፉም። የኒውክሊየሱ ኩሎምብ መስክ ኤሌክትሮኑን ስለሚስብ የሞመንተም ሽግግሩን አረምኩ፤ እርማቱ በ200 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት 2 በመቶ ገደማ፣ በ50 ደግሞ 8 በመቶ ገደማ ነው። ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም።

ይህ ቀላል እርማት ለሞኖፖል ሽግግር ይበቃል ወይስ የኤሌክትሮኑ ሞገድ በመስኩ መዛባቱን የሚያካትተው የተዛባ ሞገድ ሙሉ ስሌት የግድ ነው? መስኩ የሞገዱን ርዝመት ብቻ ሳይሆን በኒውክሊየሱ አካባቢ ያለውን ከፍታውንም ስለሚለውጥ፣ እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ለዚህ ስሌት የሚያገለግል፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም የምታውቁ፣ በፎርትራን የተጻፈ የቆየ ቢሆንም እንኳ፣ እንድትጠቁሙኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።