ንሶ-አኒን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ቺኑዋ አቼቤ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» ልቦለድ ውስጥ «ንሶ-አኒ» የሚል የኢግቦ (የናይጄሪያ ሕዝብ ቋንቋ) ቃል አለ። «ነውር» ብዬ ብተረጉመው ያስኬዳል?

መልስ፦ እኔ አያስኬድም ባይ ነኝ። ነውር የሚፈራው የሰው ዓይን ነው። «ኃጢአት» ካልነው ደግሞ ነገሩ ወደ ሰማይ ይሄድብናል። አኒ የምድር አምላክ ናት፤ ንሶ-አኒ እሷ የምትጸየፈው ነገር ነው። ከተቆጣችም አዝመራ ትከለክላለች።

ቃሉ የገባበትን ቦታ እዩት። ከዘር ወቅት በፊት ክፉ ቃል እንኳ የማይነገርበት የሰላም ሳምንት አለ። የልቦለዱ ዋና ሰው ኦኮንክዎ በዚያ ሳምንት ሚስቱን ይደበድባል። የምድሪቱ ካህን ቤቱ ድረስ ይመጣበታል። ሴት ፍየል፣ ዶሮ፣ ጨርቅና 100 ዛጎል ይቀጣል። ለምን ቢባል፣ ምድሪቱ ፊቷን ካዞረች መንደሩ በሙሉ ያልቃል። የባልና ሚስት ጠብ የእርሻ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

እኔን ግን ከሁሉ የሚነካኝ የኦቢዬሪካ ነገር ነው። የኦኮንክዎ ጠመንጃ ሳያስበው ፈንድቶ የጎሳውን ልጅ ይገድላል። የምድር ሕግ ነውና 7 ዓመት ወደ እናቱ አገር መሰደድ አለበት። ሲነጋ ግቢውን ከሚያቃጥሉት ሰዎች መሀል የልብ ወዳጁ ኦቢዬሪካ አለ። ቂም ይዞ አይደለም፤ ምድሪቱን ማንጻት ግዴታው ነው። ግን የኦኮንክዎ ቦዬ (እንግሊዞቹ ያም የሚሉት ሥራ ሥር) በሌሊት የተሸሸገው በማን ጎተራ ነው? በዚሁ በኦቢዬሪካ። ኋላ ሸጦ ገንዘቡን እስከ ስደቱ አገር ይዞለት ሄዷል። እንዲህ ያለ ወዳጅነት ልቦለድ ውስጥ ብዙ አላነበብኩም።

ጥያቄ፦ ታዲያ የትኛው የኛ አባባል ይቀርበዋል?

መልስ፦ ልክክ የሚል አላገኘሁለትም። ስሜቱን ግን እናውቀዋለን። ለሞተ ሰው «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» እንላለን፤ ምድር እንዳትከብደው ነው። ኦኮንክዎ ይህን አጥቷል። በልቦለዱ መጨረሻ ራሱን መስቀሉ በምድር ላይ የተሠራ በደል ስለሆነ ወገኑ ሬሳውን መንካት አይችልም። ኦቢዬሪካ ወዳጁን ለሞት የዳረጉትን የቅኝ ገዢውን ሹም ሰዎች «እናንተ አውርዱልን» ብሎ ይለምናል።

ስለዚህ ቢረዝምም «ምድር የምትጸየፈው» በሉት። ግስ ስትፈልጉ «ምድርን አረከሰ»። ምድርን አደራ በሴት ጾታ ጻፏት፤ «ምድሩ» ካላችሁ አኒ ጠፋች።