የመጀመሪያ የአየር ሽጉጥ፦ ምን ዓይነት ልምረጥ?

ጥያቄ፦
በትርፍ ጊዜዬ የወረቀት ዒላማ ለመምታት፣ መልኩ እውነተኛ ሽጉጥ የሚመስል፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራ የአየር ሽጉጥ ለመግዛት አስቤአለሁ። አስቀድሜ ምኑን ልመልከት?

መልስ 1፦
ከመልኩ በፊት የሚተኩሰውን ጥይት ይመልከቱ። ሁለቱም ዓይነቶች 4.5 ሚሊ ሜትር ተብለው ቢሸጡም፣ ክብ የብረት ጥይት የሚተኩሱት አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ልሙጥ የሆነ በርሜል ሲኖራቸው፣ የእርሳስ ጥይት የሚተኩሱት ግን በርሜላቸው ጠመዝማዛ ቦይ ስላለው ጥይቱን እያሽከረከሩ ይልኩታል፤ በ10 ሜትር ርቀት ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ይታያል። እኔ ያለ ማመንታት የእርሳሱን እመርጣለሁ።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ። ሲተኮስ የላይኛው ክፍሉ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ዓይነት በእርግጥ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ለእንቅስቃሴው ተጨማሪ ጋዝ ስለሚወስድ፣ ጋዙ ታሽጎ ከሚሸጥበት ከአንድ ባለ 12 ግራም ካፕሱል የሚገኘው የተኩስ ብዛት ይቀንሳል። በቀዝቃዛ አየር ወይም በጥድፊያ ሲተኩሱ የጋዙ ግፊት ስለሚወርድ፣ በተኩስና በተኩስ መካከል ጥቂት ይታገሡ።

መልስ 3፦
የዓይን መከላከያ መነጽር ከሽጉጡ ጋር አብረው ይግዙ፤ በተለይ የብረት ጥይት ጠንካራ ነገር ሲነካ ወደ ተኳሹ ይነጥራል። የአገርዎን ሕግም አስቀድመው ይጠይቁ፤ መልኩ እውነተኛ ስለሚመስል ደግሞ ሰው በሚያይበት ቦታ ፈጽሞ አያውጡት።