መነጽር ያደረገ ሰው መኮንን ይሆናል? ከደብረ ብርሃን የተላከ ጥያቄ

ጋቢ ለባሹ፦
ሰላም የአገሬ ልጆች። እማዬን ልጠይቅ መጥቼ ደብረ ብርሃን ነኝ። ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ሁለት ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍላችሁ። አምና የአሜሪካ ዜግነት ወስጃለሁ፣ ዲግሪዬንም ጨርሻለሁ። ስመለስ በአሜሪካ ጦር ለመኮንንነት ላመለክት ነው። ችግሬ ዓይኔ ነው። ቀኙ ማይነስ 5 ተኩል፣ ግራው ማይነስ 6። መነጽሬን ሳወልቅ እማዬ ምድጃው ጋ ተቀምጣ ከበሩ ላይ ፊቷን አልለየውም። አጎቴ «መነጽር ያደረገ ወታደር የት አይተህ ታውቃለህ?» እያለ ሲስቅብኝ ከረመ። እዚህ እያለሁ አዲስ አበባ ሄጄ በሌዘር ልሠራው? ዋጋው ይሻላል አሉኝ።

የመሐል ሜዳ ልጅ (ቨርጂኒያ)፦
ወንድሜ፣ ቀጠሮ ይዘህ ከሆነ ዛሬውኑ ሰርዘው። እኔ በዚሁ መንገድ ሄጄ ተቃጥያለሁ።

የአሜሪካ ጦር መነጽር አይጠላም። መነሻው መስፈርት እያንዳንዱ ዓይን በመነጽር ታግዞ 20/40 ማየቱ ነው። ጤነኛ ዓይን ከ40 ጫማ የሚለየውን ፊደል አንተ ከ20 ጫማ ከለየኸው አለፍክ። ቁጥሩ ደግሞ ከማይነስ 8 ወይም ከፕላስ 8 እንዳይበልጥ፤ አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ እኩል ባለመጠምዘዙ የሚመጣ ብዥታ) ካለብህ ጣሪያው 3 ነው። አንተ 6 ላይ ነህ። ምን አስጨነቀህ?

ሌዘሩ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የሚጠይቁህ ዛሬ ያለህን ቁጥር ብቻ አይደለም፣ ከመሠራትህ በፊት የነበረውንም ነው። እሱም ከ8 እንዳይበልጥ ይፈለጋል። እንግዲህ ቁጥርህ ከ8 በታች ከሆነ ሌዘር አያስፈልግህም፤ ከ8 በላይ ከነበረም አይሽረውም። በዚያ ላይ ከተሠራህ በኋላ 180 ቀን ትጠብቃለህ። እኔ የተሠራሁበት ክሊኒክ (ስሙ ይቅር) የድሮ ቁጥሬ ያለበትን ካርድ «ጠፍቷል» አለኝ። የአክስቴ ልጅ ስንቴ ተመላልሶ ነው የተገኘው። ስምንት ወር እንዲሁ ሄደብኝ።

አብራሪ ልሁን ካልክ ሌላ ወሬ ነው፣ እዚያ መስፈርቱ ይጠብቃል። የቀለም ምርመራውንም አትናቀው። በነጠብጣብ መሀል ቁጥር የተደበቀበት ሥዕል ያሳዩሃል። ቀይና አረንጓዴ ከተምታታብህ የሚዘጋብህ የሥራ ዘርፍ አለ።

የጣርማ በር ልጅ፦
እኔ የዓይን ሐኪም ቤት ነው የምሠራው። ኮንታክት ሌንስ የምታደርግ ከሆነ ከምርመራው ቀናት ቀደም ብለህ አውልቀው። በተለይ ጠንካራው ዓይነት የኮርኒያን (የዓይን የፊት መስታወት) ቅርጽ ስለሚለውጥ ቁጥሩን ያሳስታል። መነጽርህን ይዘህ ሂድ። ልጅ ሆነህ ዓይንህን እያሸህ ያደግክ ከሆነ ኬራቶኮነስ (ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾልበት በሽታ) እንደሌለብህ ታይ፤ እሱ ከተገኘ አይቀበሉህም። ትራኮማስ? እኛ አገር እናቱ ሽፋሽፍቷን በወረንጦ ስትነቅል እያየ ያላደገ ማን አለ። ያኔ ታመህ ታክመህ ከሆነ ቅጹ ላይ ጻፈው። ለአንዳንዱ ነገር ዌቨር (መስፈርቱን ባታሟላም የሚያሳልፍ ልዩ ፈቃድ) ይሰጣል። ደብቀህ በኋላ ከተገኘ ግን ጣጣው ብዙ ነው።

ጋቢ ለባሹ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ቀጠሮውን ሰርዣለሁ። ትናንት ማታ ቡና እየተጠጣ ያን የነጠብጣብ ሥዕል ስልኬ ላይ ከፍቼ ለቤተሰቡ አዞርኩት። የመጀመሪያው 12 ነው፣ ሁሉም አየው። ሁለተኛው 8 ነው። አጎቴ «3 ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እማዬ «ኧረ 8 ነው» ብትለው «አንቺ ደግሞ ቁጥር የት ተማርሽ» ብሎ ተቆጣት!

የጣርማ በር ልጅ፦
ሳቅኩ። ግን ቆይ፣ አጎትህ የእናትህ ወንድም ነው? 8ን 3 ብሎ ማየት የቀይና አረንጓዴ መምታታት ምልክት ነው፤ ወንድ ልጅ ይሄን ነገር የሚወርሰው ደግሞ በእናቱ በኩል ነው። አንተስ ስንት አየህ?

ጋቢ ለባሹ፦
8፣ እህቴ። አሁን ደግሞ ተነስቼ ድጋሚ አየሁት። 8 ነው።