በድንገት ፍሬን ስይዝ የኋላ ጎማዬ ይንሸራተታል፤ ምን ይሻለኛል?

ሰላም፣ ሞተር የምትነዱ እስቲ እርዱኝ። በድንገት ማቆም ስለማመድ የኋላ ጎማው ይቆለፍና ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሞተሬ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) የለውም። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን እንደሆነ፣ የኋላ ጎማው ደግሞ ስለሚቀለው ቶሎ እንደሚቆለፍ አውቃለሁ። እግሬ ግን ይህን መች ይሰማል! ስደነግጥ ፔዳሉን እስከ ጥግ ይረግጠዋል።

የፊቱን በሁለት ጣት ቀስ አድርጌ ስይዝ አሞርዛተሩ ዝቅ ሲል ይሰማኛል። ከዚያ በላይ ማጥበቅ እፈራለሁ፤ የፊት ጎማ ከተቆለፈ መውደቅ ነዋ። ግራ የገባኝም እዚህ ላይ ነው፦ አሞርዛተሩ ከተጫነ በኋላ ምን ያህል ልጨምር? ጎማው ሊቆለፍ ሲል እጅ ላይ የሚታወቅ ምልክት አለው? ፍሪሲዮኑንስ ከፍሬኑ ጋር አብሬ ልያዝ ወይስ ሞተሩ ራሱ እንዲያዘገየኝ መጨረሻ ላይ? አንዱ የኋላውን ጭራሽ አትንካ ይለኛል፣ ሌላው ሁለቱንም አንድ ላይ ያዝ ይለኛል።

የምለማመደው ቀጥ ባለ፣ ደረቅና ባዶ አስፋልት ላይ ነው፤ ፍጥነቴም በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። (እርጥብ መንገድና መታጠፊያ ለጊዜው ይቆዩኝ።) እግሬን ከዚህ ልማድ የሚያላቅቅ መላ ያላችሁ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።